ብርድ ፍለጋ፦ ሪፕ ቫን ዊንክል በሐዋሳ ጓሮ

ጥቅምት 3 ቀን 2017

እህቴ ዛሬ ከኔዘርላንድ ገባች። ሻንጣዋን ሳትከፍት በፊት ከእጅ ቦርሳዋ አንድ የወረቀት ከረጢት አወጣች። «እንኪ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ የጨቀጨቅሽኝ ነገር» አለችኝ። የዕፅዋት ጤና ሰርተፍኬቱ ከከረጢቱ ጋር ተያይዟል። ያለሱ እንዳታመጪ ብያት ነበር። አፈር ውስጥ የኖረ ነገር በሽታ ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ እኛ ደግሞ የሽንኩርትና የእንሰት አገር ነን።

ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኳቸው። አሥራ ሁለት የዳፎዲል ራስ፣ አበባው የሚበቅልበት ሽንኩርት መሳይ ክፍል። ቡናማ ልጣጫቸው ሲነኩት ይንኮሻኮሻል። ትልቁ እንኳ ከደቃቃ ቀይ ሽንኩርት አይበልጥም። ከሥር ያለው መቀመጫቸው ጠንካራና ደረቅ ነው። አንድ በአንድ በአውራ ጣቴ ተጫንኳቸው። የሚለሰልስ የለም።

ዳፎዲል ሲባል ብዙ ሰው ዓይኑ ላይ የሚመጣለት ስድስት ቅጠል ኖሮት መሃሉ ላይ መለከት የሚመስል ቢጫ አበባ ነው። ናርሲስ የሚሉትም አሉ። ስም ወጥቶላቸው የተመዘገቡት ዓይነቶች ከ25,000 በላይ ናቸው። የእኔዎቹ መለከት የላቸውም። ቀጫጭን ሹል ቅጠሎች ተደራርበው ወደየአቅጣጫው ይወጣሉ፤ ቢጫው ውስጥ አረንጓዴ አለበት። አደይ አበባን አሥር ጊዜ ደራርበው የበተኑት ይመስላል። ቁመቱ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ነው። ከአየርላንድ የመጣ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ዝርያ ነው፤ ስሙም ሪፕ ቫን ዊንክል ይባላል። ይህ በአሜሪካኖች ተረት ውስጥ 20 ዓመት የተኛው ሰውዬ ስም ነው። የእኔም ሥራ የተኛን ነገር መቀስቀስ ስለሆነ ስሙን ወድጄዋለሁ።

ጥቅምት 5

ሐዋሳ ውስጥ አበባ ማብቀል ቀላል ነው። ጽጌረዳው፣ ቡጌንቪሊያው፣ ሁሉም ውሃ ካገኘ ይወጣል። ይሄኛው ግን ውሃና ፀሐይ አይበቃውም። ብርድ ይፈልጋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዳፎዲል ራስ ስንገዛው እምቡጡ ውስጡ ተሠርቶ አልቋል። ባለፈው ወቅት ቅጠሉ ከደረቀ በኋላ ነው የሚሠራው። ከዚያ ይተኛል። ከ12 እስከ 15 ሳምንት ከ10 ዲግሪ በታች ካልቆየ በደንብ አይነቃም። በብርዱ ጊዜ ራሱ ውስጥ የተከማቸው ስታርች ወደ ስኳር ይለወጣል፤ አገዳውም ለመርዘም ይዘጋጃል። ብርድ ያላገኘ ራስ ቅጠል ብቻ ያወጣል፤ አበባ ቢይዝም አገዳው አጥሮ ቅጠሉ መሃል ተወሽቆ ይቀራል።

ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ጥሩ ይበርዳል፤ ጋቢ ያስደርባል። ቀን ግን ከ25 ዲግሪ በላይ ነው፤ አፈሩ ይሞቃል። ስለዚህ ብርዱን ከሌላ ቦታ ማምጣት አለብኝ።

ለሦስት ከፈልኳቸው።

ስድስቱ ፍሪጅ ገቡ፣ ታችኛው የአትክልት መሳቢያ ውስጥ። ቴርሞሜትሩ 5 ዲግሪ ይላል። በወረቀት ከረጢት ነው ያስገባኋቸው፤ በፌስታል ቢሆን ላብ ይይዛቸውና ይበሰብሳሉ። ከእማዬ ጋር የተደራደርኩት በፍራፍሬው ነው። ሙዝ፣ አቮካዶና ማንጎ ሲበስሉ ኤትሊን የሚባል ጋዝ ያወጣሉ። ጋዙ የዳፎዲሉ ራስ ውስጥ ያለውን እምቡጥ ይገድለዋል። ስለዚህ እስከ ጥር ፍራፍሬ ፍሪጅ አይገባም። አቮካዶ በሚትረፈረፍበት ቤት ይህ ቀላል ልመና አይደለም። እማዬ ግን እሺ አለች።

ሦስቱን ያለምንም ብርድ እዚሁ ጓሮ ተከልኳቸው። ለማወዳደር ነው።

የቀሩት ሦስቱ ሀገረ ሰላም ወደምትኖረው አክስቴ ይሄዳሉ። ሀገረ ሰላም ከሐዋሳ 1,000 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። በየ1,000 ሜትሩ አየሩ ወደ 6 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። እዚያ ታኅሣሥ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ አይቻለሁ። ፍሪጁ የሚሰጠውን ተራራው በነፃ የሚሰጥ ከሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ።

ጥቅምት 10

የአጎቴ ልጅ ሦስቱን ይዞ ወጣ። አተካከሉን በወረቀት ጽፌ ሰጠሁት። ጉድጓዱ የዳፎዲሉን ራስ ቁመት ሦስት እጥፍ ይጥለቅ። ሹል ጫፉ ወደ ላይ። ትኩስ እበት እንዳይነካው። ማታ ደወለ። አክስቴ ከእንሰቱ ወዲያ፣ አጥሩ ሥር ተክለዋቸዋል።

ኅዳር 2

እዚህ ጓሮ የተከልኳቸው ምንም አላሳዩም። የጓሮአችን አፈር አሸዋማ ነው፤ ስትቆፍሩት ግንበኞች ፑሚስ የሚሉት ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቀላል ድንጋይ ይወጣል። ውሃ አይቋጥርም። ለዚህ አበባ ያ ጥሩ ነው፤ ዳፎዲልን ከሁሉ በላይ የሚገድለው የሞቀና የረጠበ አፈር ነው። ፉሳሪየም የሚባለው ፈንገስ ከመቀመጫው ገብቶ ወደ ላይ ያበሰብሰዋል።

ከሰዓት በኋላ በ8 ሰዓት ቴርሞሜትሩን 10 ሳንቲ ሜትር ቀበርኩት። 24 ዲግሪ። ጎን ያለውን ቦታ የደረቀ የሙዝ ቅጠል አልብሼው ነበር። እዚያ 20። አራት ዲግሪ በሙዝ ቅጠል ብቻ! ወዲያው ሦስቱንም አለበስኳቸው።

ኅዳር 19

መብራት ከጠዋት እስከ ማታ ጠፋ። ማንም ፍሪጁን እንዳይከፍት ለመንኩ። ማታ ሲመጣ ቴርሞሜትሩ 11 ደርሷል። አንድ ቀን እንዲህ መሆኑ ብዙ አይጎዳም፤ የሚቆጠረው የሳምንታቱ ድምር ነው።

ታኅሣሥ 28፣ የገና ዋዜማ

ይህን ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ እየጻፍኩ ነው። እጄ አሁንም ይንቀጠቀጣል።

እማዬ የዶሮ ወጡን ሽንኩርት ስትከትፍ አመሸች። አራት ኪሎ ገዝተን ነበር፤ አነሰባት። ሱቁ ተዘግቷል። እኔ ሳሎን ዶሮውን በሎሚና በጨው እያጠብኩ ነበር። ከወጥ ቤት ድምፅዋን ሰማሁ።

«አንቺ፣ ይሄ ሽንኩርትሽ አያስለቅስም እኮ!»

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ገባኝና ሮጥኩ። መክተፊያው ላይ አንዱ ለሁለት ተሰንጥቋል። ግማሹ ስስ ስስ ሆኖ ተከትፏል። ገና ድስት አልገባም። ሁለተኛውን በእጇ ይዛው ልጣጩን ልትጀምር ነበር። ቢላዋው ላይ የሚያዝለገልግ ውሃ አለ። ሽታ የለውም። ያዳነንም እሱ ነው፤ እማዬ ዓይኗ ሲደርቅባት ተጠራጠረች።

ሽንኩርትና ዳፎዲል በሥነ ዕፅዋት የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ቅርጻቸው ያሳስታል። ዳፎዲል ግን ላይኮሪን የሚባል መርዝ አለው፤ ብዙው ያለው ራሱ ላይ ነው። ትንሽ የበላ ሰው ያስመልሰዋል፣ ሆዱን ይቆርጠዋል። መቀቀል አያድንም። በ2009 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት ልጆች ሾርባ ሲሠሩ አንድ የዳፎዲል ራስ ከሽንኩርቱ ጋር ተቀላቅሎ 12 ልጆች ታመዋል። ይህን አውቅ ነበር። አውቄም ከረጢቱ ላይ ምንም አልጻፍኩበትም። ለእማዬም «አበባ ነው» አልኳት እንጂ «መርዝ ነው» አላልኳትም። ጥፋቱ የእኔ ነው።

መክተፊያውን፣ ቢላዋውንና እጇን በሳሙና ደጋግመን አጠብን። የተከተፈውን ሽንኩርት በሙሉ ደፋሁት፤ የትኛው የቱ እንደሆነ መለየት አልተቻለም። ጎረቤት አንኳኩቼ አንድ ኪሎ ተበደርኩ። ወጡ ዘግይቶ ተጣደ።

ግማሹን ራስ ከመጣሌ በፊት በስልኬ መብራት አየሁት። ነጭ ድርብርብ ሥጋ። መሃሉ ላይ የክብሪት እንጨት የሚያህል ፈዛዛ ቢጫ ቡቃያ ቆሟል። ቡቃያውን በመርፌ ጫፍ ስከፍተው አበባው ነበር። ከስንዴ ፍሬ ያነሰ፣ ሹል ሹል ቅጠሎቹ ተጣጥፈው፣ ሙሉ አበባ። ነገሩን በጽሑፍ ብቻ ነበር የማውቀው። ዛሬ በዓይኔ አየሁት።

አሁን አምስቱ በክዳናዊ ዕቃ ገብተዋል። ላዩ ላይ በቀይ ስክሪፕቶ «መርዝ» ብዬ ጽፌአለሁ፤ ለአየር ክዳኑን በሚስማር በስቻለሁ።

ጥር 6

ዛሬ 13 ሳምንት ሞላ። አወጣኋቸው።

አንዱ መቀመጫው ላይ ለስልሷል፤ ስጫነው ቡናማ ውሃ ወጣ። ጣልኩት። አራት ቀሩ። አራቱም ጫፋቸው ላይ ነጭ ቡቃያ አውጥተዋል፤ መቀመጫቸው ላይ የሥር ጫፍ ነጥብ ነጥብ ብሎ ይታያል። ይህ አንድ ነገር አስተማረኝ። የዳፎዲል ራስ በብርዱ ጊዜ ሥር መስደድ ይፈልጋል። በደረቅ ወረቀት ከማስቀመጥ ይልቅ ዕቃ ውስጥ እርጥብ አፈር አድርጌ ተክዬ ዕቃውን እንዳለ ፍሪጅ ባስገባው ይሻል ነበር። ያን ጊዜ ሲወጣ ሥሩን ይዞ ይወጣል።

ቦታው ከአቮካዶው በስተ ምሥራቅ ነው። የጠዋት ፀሐይ ያገኛል፤ ከ5 ሰዓት በኋላ ዛፉ ያጠላለታል። አፈሩን ከበሰለ ኮምፖስት ጋር ቀላቀልኩ። ጓንት አድርጌ ነው የተከልኩት፤ ፈሳሹ ቆዳን ያሳክካል። የሙዝ ቅጠል አለበስኩ። ጠዋት ጠዋት ብቻ ይጠጣል።

ጓሮ በጥቅምት ከተተከሉት ሦስቱ ሁለቱ ቅጠል አውጥተዋል። ቀጭን ነው፤ ወደ ጎን ይተኛል። እምቡጥ የለም። ሦስተኛው አልወጣም።

ጥር 14

ጥምቀት አልፎ ሀገረ ሰላም ወጣሁ። ሚኒባሱ አለታ ወንዶን ሲያልፍ መስኮቱን ዘጋን። ስደርስ አክስቴ ሻይ እንኳ ሳያቀርቡ ወደ አጥሩ ወሰዱኝ።

ሦስቱም ወጥተዋል። ቅጠላቸው አጭርና ወፍራም ነው፤ ቀለሙ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴ። ሁለቱ መሃላቸው ላይ እምቡጥ ይዘዋል። ቁጢጥ ብዬ አገዳውን በሁለት ጣቴ ያዝኩት። እንደ እርሳስ ጠንካራ ነው። የሐዋሳውን ቅጠል ያየ ሰው አንድ ዝርያ ነው ብሎ አያምንም።

«በጎቹ ጎመኑን ግጠው ሲጨርሱ እሱን አልነኩትም» አሉኝ አክስቴ። «ምን ያውቃሉ ብዬ እኔም ልጆቹን ከለከልኩ።» በግ ዳፎዲል አይበላም፤ መርዙን ያውቀዋል። አክስቴ ደግሞ በጎቻቸውን ያውቃሉ። ማንም ሳይነግራቸው የእኔን የገና ዋዜማ ድንጋጤ አስቀድመው ተከላከሉ።

ጥር 29

ከአጎቴ ልጅ በቴሌግራም ፎቶ መጣ። አንዱ ፈንድቷል! ፎቶው ጥላ የበዛበት ነው፣ ግን ያ የተበተነ ቢጫ ይታያል። እማዬ ስልኩን ተቀብላኝ ረጅም ጊዜ አየችው። «ለዚህ ነው እንግዲህ» አለች።

የካቲት 5

የሐዋሳዎቹ አራት፣ ማለትም የፍሪጆቹ፣ ሁሉም ቅጠል አላቸው። ሦስቱ እምቡጥ ይዘዋል። ቀኑ ግን ከፍቷል። ትናንት ጥላ ሥር 31 ዲግሪ ለካሁ። ነፋሱ ደረቅ ነው።

የካቲት 10

ሁለቱን አጣሁ። እምቡጡ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ግን አያብጥም። በጣቴ ስነካው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተንኮሻኮሸ። ሰንጥቄ አየሁት። ውስጡ ቡናማ፣ የደረቀ ሻይ ቅጠል መስሏል። ድርብ አበባ ያላቸው ዳፎዲሎች በዚህ ይታወቃሉ። ቅጠላቸው ብዙ ስለሆነ እምቡጡ ለመፈንዳት ብዙ ውሃ ይፈልጋል፤ ሙቀትና ድርቀት ሲገጥመው ሳይከፈት ይደርቃል። ሥራቸው ገና አጭር ነው፤ የፀሐዩን ያህል ውሃ ማምጣት አልቻሉም።

ሁለት ቀን ሙሉ አዘንኩ። ከዚያ የቀረውን አንዱን ለማዳን ጆንያ አርጥቤ በአራት እንጨት ዙሪያውን ከለልኩት። ጠዋትና ማታ ጆንያውን እረጫለሁ። ነፋሱ እርጥብ ጨርቅ አልፎ ሲመጣ ይቀዘቅዛል።

የካቲት 15

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል። ጆንያውን ገለጥኩት። ተከፍቷል።

ከሦስት ሌሊት በፊት እምቡጡ ስስ ቡናማ መጠቅለያውን ቀድዶ አንገቱን ደፍቶ ነበር። ዛሬ ውጪያዊዎቹ ቅጠሎች ወደ ኋላ ተቀልብሰዋል፤ የውስጦቹ ገና እየተፈቱ ነው። ጫፎቻቸው አረንጓዴ ናቸው፤ አረንጓዴው መሃል ለመሃል እንደ ክር ይወርዳል። ስቆጥር 30 ላይ ተምታታብኝ። ቁመቱ አንድ ስንዝር አይሞላም። አገዳው ክብደቱን መሸከም ስላቃተው ጎንበስ ብሏል፤ ቀጭን እንጨት አስደገፍኩት።

እማዬ በርጩማ ይዛ መጣችና አጠገቡ ተቀመጠች። ቡናውን እዚያው ጠጣን። አቮካዶው ላይ አባ ኮዳዎቹ ክንፋቸውን ሲያማቱ ቅጠል ረገፈብን። አንድ አበባ ነው። ግን ሐዋሳ ላይ ነው የፈነዳው።

የካቲት 21

ስድስት ቀን ቆይቶ ዛሬ ጠወለገ። ሀገረ ሰላም ያሉት ሁለቱ 16 ቀን ቆይተዋል። የአጎቴ ልጅ አንዱን ቆርጦ አምጥቶልን ነበር። እማዬ ከጽጌረዳ ጋር አንድ ብርጭቆ ውስጥ ከተተችው፤ በማግስቱ ጽጌረዳዎቹ አንገታቸውን ደፉ። የዳፎዲል አገዳ ሲቆረጥ የሚወጣው ዝልግልግ ፈሳሽ ሌላውን አበባ ያበላሻል። ለብቻው ማስቀመጥ ነው፤ ወይም አንድ ቀን ሙሉ ለብቻው ውሃ ውስጥ አቆይቶ እንደገና ሳይቆርጡ መቀላቀል።

ከዚያው ተክል ግን ጥሩ ነገርም ይገኛል። ጋላንታሚን የሚባለው ለአልዛይመር ሕሙማን የሚሰጥ መድኃኒት ከዳፎዲል ይወጣል፤ ዌልስ ውስጥ ለዚሁ ብለው በማሳ ያመርቱታል።

መጋቢት 24

ዝናቡ ጀምሯል። ቅጠሉ ወደ ቢጫ እየሄደ ነው። ጎረቤቶች «ይህን ድርቆሽ ለምን አትቆርጪውም?» ይሉኛል። አልቆርጥም። የሚቀጥለውን ዓመት አበባ የሚቀልበው ይህ ቅጠል ነው። አበባው ካለፈ በኋላ ቢያንስ ስድስት ሳምንት መቆየት አለበት። መታሰርም መጎንጎንም የለበትም፤ ፀሐይ ማግኘት አለበት። ትንሽ የእንጨት አመድ በትኜለታለሁ፣ ለፖታሺየሙ።

ግንቦት 2

ቆፍሬ አወጣኋቸው። ሀገረ ሰላም ቢሆን እዚያው በተዋቸው ነበር፤ ተውኳቸውም። እዚህ ግን ክረምቱ ሞቃትና እርጥብ ነው፤ ቢቆዩ ይበሰብሳሉ።

ያለ ብርድ የተተከሉት ሁለቱ ኮስሰው የነጭ ሽንኩርት ፍንካች አክለዋል። ያልወጣው ሦስተኛው ቦታ ላይ ባዶ ልጣጭ ብቻ አገኘሁ። እምቡጣቸው የደረቀባቸው ሁለቱና እምቡጥ ያልያዘው አንዱ መጠናቸውን ጠብቀዋል። ያበበው ግን ከጎኑ ልጅ አውጥቷል፤ ጠምዘዝ ሳደርገው በቀላሉ ተላቀቀ። በድምሩ ሰባት። አፈራቸውን አራግፌ ጥላ ሥር አደረቅኳቸው፤ በሽቦ ወንፊት ላይ አድርጌ ነፋስ የሚገባበት ዕቃ ቤት ሰቀልኩ።

አንድ ሐሳብ ከየካቲት ጀምሮ አልለቀቀኝም። ፍሪጁ ብርዱን በትክክል ሰጥቷል። የተበላሸው መውጫው ነው። በጥር መጀመሪያ አወጣኋቸውና እምቡጥ ሲይዙ የሐዋሳ ሙቀት ጫፍ ላይ ደረሰባቸው። ከውጭ የሚመጣ ራስ ጥቅምት ላይ ስለሚደርስ ሌላ ምርጫ አልነበረኝም። አሁን ግን የራሴ አሉኝ። እስከ ነሐሴ ደርቀው ይተኙ፤ እምቡጣቸውንም ይሥሩ። ነሐሴ ላይ ፍሪጅ ይግቡ። ኅዳር ላይ ይውጡ። ያን ጊዜ ከፊታቸው የዓመቱ ቀዝቃዛ ሌሊቶች አሉ፤ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ማበብ ይችላሉ።

ነሐሴ 10

ሰባቱም ጠንካራ ናቸው። ትልልቆቹን አምስቱን በተቆረጠ ሃይላንድ ጠርሙሶች ተከልኳቸው፤ ታቹን በስቻለሁ፣ አፈሩ ርጥብ ነው ግን ውሃ አያንጠባጥብም። ኮሳሶቹን ሁለቱን ነገ የአጎቴ ልጅ ወደ አክስቴ ይወስዳቸዋል፤ እዚያ ያገግሙ።

መሳቢያውን እማዬ አስቀድማ አጽድታ፣ አቮካዶውን ጠረጴዛ ላይ ደርድራ ጠበቀችኝ። 5 ዲግሪ። ጠርሙሶቹን ደረደርኩ። ልዘጋ ስል «ቆይ» አለችኝና ከካርቶን የቆረጠችውን ወረቀት በፕላስተር ለጠፈችበት። በትልልቁ፣ በራሷ እጅ ጽሕፈት «የማያስለቅስ፣ አይነካም» ይላል። ከሥሩ ቀኑን ጨመርኩበት። የሚወጡት ኅዳር 6 ነው።